ከሌንሴ የሰረቅኩት ሃያ ደቂቃ

ሐሙስ

ዛሬም ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቆመች። ሌንሴ፣ የእህቴ ልጅ፣ እሑድ ለማትሪክ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትገባለች። ሒሳብ ትችላለች። ችግሯ እልኸኝነት ነው። አንድ ጥያቄ ከያዛት እዚያው ትደርቃለች፤ ከኋላ ያሉት ቀላሎቹ ሳይነኩ ሰዓቱ ያልቃል።

«ምልክት አድርጊና እለፊው፣ ትመለሺበታለሽ» እላታለሁ።

«እሺ ጋሼ» ትላለች። አታልፍም።

ስለዚህ ተንኮል ሠራሁ። የሞዴል ፈተናው ፈታኝ እኔ ነኝ (ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ፈታኝ!)። የጠረጴዛ ሰዓቱን አጠገቤ አደረግኩ። አንድ ጥያቄ ላይ በፈዘዘች ቁጥር ደቂቃ ቆጣሪውን በጣቴ ወደፊት ገፋ አደረግኩ። በድምሩ ሃያ ደቂቃ ሰረቅኩ። አላየችኝም። ሰዓት ሠሪ በሰዓት ካልቀለደ በምን ይቀልዳል?

አርብ

ቀልዱ ተበላሸ። ያልደረሰችባቸውን ጥያቄዎች ስትቆጥር ተስፋ ቆርጣ፣ «ዘንድሮ አልፈተንም፣ ለከርሞ ይሁን» ብላለች። ቁርስም አልበላችም። እህቴ ከቤት ጉርድ ሾላ ሱቄ ድረስ ደወለች።

«አንተን ትሰማለች፣ እባክህ አንድ ነገር በላት።»

በእጄ የነበረችው የደንበኛ ሰዓት ብሎን መሬት ወድቃ ጠፋች። ነገ እንጦጦ እንደምወስዳት ነግሬ ዘጋሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን በስልክ መናገር አልደፈርኩም።

ቅዳሜ

ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ተናዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ጤነኛ ነህ? ደደብ ነኝ ብዬ ስንት አለቀስኩ!»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህ በዓመት አንዴም አይደርስብኝም። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ «አንቺው ያዢው» አልኳትና ሌላ ሞዴል አወጣሁላት። ልትፈዝ ስትል ከሩቅ ጣቴን ወዘወዝኩባት። ሳቀችና አለፈችው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተረፋት! ከዘለለቻቸው ውስጥ ሦስቱን ተመልሳ ሠራች። ተመስገን።

ስንወርድ ደብተሯ ላይ የጻፈችው፦
ቀላል ቀላሉን መጀመሪያ።
ጥያቄ ስዘል መልስ ወረቀቱም ላይ መስመሩን መዝለል።
ባዶ አለመተው፣ በስህተት ነጥብ አይቀነስም።
ጋሼን አለማመን።

እሑድ

የጠረጴዛ ሰዓቱን አይቼ «ረፈደ!» ብዬ ቤቱን አተራመስኩት። እህቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል፣ እኔ የሌንሴን አንሶላና ሻንጣ ተሸክሜ ከላምበረት ቤታችን እየሮጥን ወጣን። መሰብሰቢያው ቦታ ማንም የለም። ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስዱት አውቶብሶችም አልመጡም። ሌንሴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች የእጅ ሰዓቴን መለሰችልኝ። ለካ ሐሙስ የገፋሁትን ሰዓት ሳልመልሰው ሃያ ደቂቃ ቀድመናል።

«ሌባው ጋሼ፣ ደቂቃዬን አስመለስኩ» አለች።

ሦስታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብስኩት በላን። እንዲያ ያለ ሃያ ደቂቃ ኖሬ አላውቅም።

ረቡዕ

ተመለሰች። ከስታለች፤ ፊቷ ግን በርቷል።

«ሒሳብ ላይ አንዷ ያዘችኝ። ልደርቅ ስል ጣትህ ትዝ አለችኝ። ብቻዬን ስስቅ ፈታኙ አፈጠጠብኝ።»

«አለፍሻት?»

«አለፍኳት። ተመልሼም ሠራኋት። ትክክል ትሁን አትሁን እንጃ።»

እኔም እንጃ። ውጤቱ ገና ነው። ግን አንድም ባዶ አልተወችም። እሑድ ከነሻንጣዋ መሄዷም ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጠረጴዛው ሰዓት አሁንም ሃያ ደቂቃ ይቀድማል። ለሰዓት ሠሪ ቤት ነውር ነው። ቢሆንም አልነካውም፤ ውጤቷ እስኪመጣ እንዲሁ ይቅደም።