ሰናፍጩ ዘንድሮ የት በቀለ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እራት በቀረበ ቁጥር ያንተን ጨዋታ እያነሳን እንስቃለን፤ ደህና ነን።

የዱር ሰናፍጩ አብቧል። እማዬ ጡረታ ብትወጣም የዕፅዋት አጥኚነቷን መች ትተዋለች! ልጆች ሳለን «ይሄ ተክል ምቾት አይወድም፤ ድንጋይና ንፋስ ያለበት ፈልጉት» እያለች ገደሉ አፋፍ ድረስ ስታስሮጠን ትዝ ይልሃል? ቅጠሉን አኝከህ ዓይንህ እንባ እየሞላ «አገኘሁት!» ብለህ የጮኽከው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አምና «ሰናፍጩ ከገደሉ ጠፍቷል፤ ወደ ቦዩ ወርዷል» አለችኝና ቦዩ ዳር ፈለግን። ዘንድሮ ደግሞ ከዘራዋን ተደግፋ «ከቦዩም ለቋል፤ አጥራችን ሥር ነው ያለው» አለች። እሁድ ዕለት ብቻዬን ገደሉ ላይ ወጣሁ። ምን ልበልህ፣ አፋፉ እንደ ድሮው ቢጫ ለብሷል። ወርጄ ግን ከእሷ ጋር አጥሩ ሥር ፈለግሁ።

አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙሬላታለሁ፤ ብርሃን ይሻለኛል ብላ ነው። ትናንት ማለዳ አንዱን ሰናፍጭ ከነአፈሩ ከነድንጋዩ ከገደሉ ተሸክሜ አምጥቼ መስኮቷ ሥር ተከልኩት። ስትነቃ አዲስ የተቆፈረውን አፈር ትንሽ አየት አደረገችና «አላልኩሽም? ይኸው እዚህ ድረስ መጣ!» ብላ ሳቀች።

የመስኮቱ ሥር አፈር ግን ልስልስ ነው፤ ተክሉ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። የዓመት ፈቃድህን ለሌላ ጊዜ ከምታቆየው አሁን ብትወስደውስ?

እስክንተያይ ሰላም ሁንልኝ።

እህትህ