ላን ወደ አገሯ ይዛው የሄደችው ሙያህ

የኔ መስፌ፣

ከተለየኸን ይኸው ስድስት ዓመት ሞላ። በሆዴ ሳወራህ ነው የኖርኩት፤ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ልብስ ሳጥፍም። በወረቀት ስጽፍልህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ የተቀመጥኩት የምነግርህ ትልቅ ወሬ ስላለኝ ነው፤ ልጠይቅህ ሲገባኝ ያልጠየቅኩህ ይቅርታም አለ።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። አሌክሳንድሪያ የነበረውን አፓርታማ ለቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተናል። እኔም የክሪስታል ሲቲውን የፓርኪንግ ሥራ ትቼ እዚሁ አቅራቢያ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። ህሊናችን ኮሌጅ ልትገባ አንድ ዓመት ቀርቷታል። በቁመት በልጣኛለች፤ ስትናደድ ግንባሯን የምትቋጥረው ቁርጥ አንተን ነው። በአማርኛ ሳናግራት ዛሬም የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። አንተን ስታነሳ ግን "አባዬ" ነው የምትለው፤ እሱን ቃል ለውጣው አታውቅም።

አንተ ትሠራበት በነበረው የዶሮ ጥብስ ቤት በኩል ሁለት ዓመት ሙሉ አላለፍኩም። የተጠበሰ ዶሮ ከሸተተኝ መንገድ እቀይር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ከሥራ ገብተህ ስታቅፈኝ ከሸሚዝህ የሚሸተኝ እሱ ነበራ። "ታጠብ መጀመሪያ!" እያልኩ የማባርርህ እኔ፣ ከሞትክ በኋላ አንዱን የሥራ ሸሚዝህን ሳላጥበው ብዙ ጊዜ አቆየሁት።

ወሬዬ ስለ ላን ነው። ኪችን ውስጥ አሥር ዓመት ጎን ለጎን አብራህ ስለቆመችው ቬትናማዊት። በዕድሜ ስለምትበልጥህ "እትዬ ላን" ትላት ነበር። እሷ ደግሞ የስሟ አጠራር በአበሻ እንደዚያ መስሏት፣ የአገራችን ሰው አዲስ ሲቀጠር "እኔ እትዬ ላን ነኝ" ብላ እጇን ትዘረጋለች። ያንን ቤት ገብተህ የነገርከኝ ቀን የሳቅነውን ሳቅ መቼም አልረሳውም። አንተ ያረፍክ ሰሞን ለቅሶው ቤት ሦስቱንም ቀን መጣች። በትልቅ ድስት ሩዝ ይዛ ትመጣና፣ አንድ ቃል ከማይገባት ሴቶች መሀል መሬት ላይ ትቀመጣለች። እነሱ ሲያለቅሱ እሷም በራሷ ቋንቋ እያወራች ታለቅስ ነበር። ምን እንደምትል የገባው ሰው የለም፤ ግን ማንም ዝም በይ አላላትም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮል አደረገችኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም። የዶሮ ጥብስ ቤታችሁ ኩባንያ ቬትናም ውስጥ ከትልልቆቹ ከተሞች አልፎ ክፍለ ሀገር ድረስ እየገባ ነው፤ አሁን ደግሞ እሷ በተወለደችባት በካን ቶ ከተማ ሊከፍት ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ኪችን ውስጥ የቆየ ሰው ለስድስት ወር ሄዶ አዲሶቹን ሠራተኞች እንዲያሠለጥን ይፈልጋሉ። ማኔጀሯ "አፕላይ አድርጊ" ብሏታል።

"አልሄድም" አለችኝ። "በምን ፊቴ?"

አንተ ታውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ ነው የሰማሁት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጀልባ ስትወጣ እናቷን አልተሰናበተችም። ብትነግራት የምታስቀራት መስሏት ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አታውቅም። እናቷ ስትሞት እሷ አሌክሳንድሪያ ዶሮ ትጠብስ ነበር። ታም የሚባል ታናሽ ወንድሟ መርዶውን ከጻፈላት በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልላከም።

መስፌ፣ ያኔ ያንተ ነገር መጣብኝ። ህሊና አራት ዓመቷ ሳለ ኩባንያው አንተንም መርጦህ ነበር። ሩቅ ምሥራቅ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ ለአራት ወር ሄደህ እንድታሠለጥን። አገር ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር ያን ሁሉ አገር ለተማሪ በካርታ ያሳየህ ሰው፣ በእግርህ ልትረግጠው ነው። ያን ቀን ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገርከኝ። እኔ ምን አደረግኩ? አለቀስኩ። "ከዚህች ሕፃን ጋር ብቻዬን ጥለኸኝ ልትሄድ ነው? እንግዲያው ስትመለስ አታገኘንም" አልኩህ። በማግስቱ ሄደህ አልችልም አልካቸው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳኸውም። ብትቆጣኝ፣ አንድ ቀን እንኳ "ያኔ እኮ" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለላን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ብራዘር መስፍን ይህን አንድ ቀን አላወራኝም" አለች። "እኔን ላለማሳፈር ነው" አልኳት። "እሱን አስቀርቼዋለሁ። አንቺን ግን ቀሪ ብዬ የምመክር እኔ አይደለሁም።"

ላን አፕላይ አደረገች። ለኢንተርቪው ልናለማምዳት በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከህሊና ጋር አሌክሳንድሪያ ላን ቤት እንሄድ ጀመር። ህሊና እግሯን አነባብራ ኢንተርቪው የምታደርግ አለቃ ሆነች። ብታያት በሳቅ ትሞት ነበር፤ ላንን "ስላቋረጥኩሽ ይቅርታ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ" ትላታለች። አንድ እሑድ "ከሌሎቹ አንቺን ለምን እንመርጥሻለን?" ብላ ጠየቀቻት። ላን ትንሽ አሰበችና፣ "ጥሩ ሰው ስላስተማረኝ። ሰው ሳያዋርድ ነው ያስተማረኝ" አለች። ህሊና ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ በረንዳ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "በዚህ ታልፊያለሽ" አለቻት።

አለፈች። ኤርፖርት ድረስ ሸኘናት።

የመጀመሪያውን ወር በሳምንት አንዴ በቪዲዮ እየደወለች ሁሉን ታሳየን ነበር። ወንዝ ዳር የተሠራ አዲስ የገበያ ሕንፃ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ቤት፣ የዩኒፎርም ኮፍያቸውን ለመልመድ በየደቂቃው የሚነካኩ ሃያ ልጆች። ዱቄቱን እንዴት እንደምትለውስ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚለወጥ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይጮህ የመጥበሻው ክዳን እንዳይከፈት፣ ሁሉን አንተ ባሳየሃት መንገድ ታሳያቸዋለች። አንዷ ልጅ ክንፉን አሳምራ ስታወጣ ላን ሳታስበው "ጎሽ!" አለቻት፤ አንተ ትላት እንደነበረው። ልጅቱ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። "ያስተማረኝ ሰው ቋንቋ ነው" አለቻት። አሁን መላው ኪችን አንዱ ላንዱ ጎሽ ይባባላል አለችን። ስልኩን አዙራ አሰማችን። ሃያ ቬትናማውያን በአንድ ላይ "ጎሽ!" ሲሉ፣ መስፌ፣ ስልኩን ለህሊና ሰጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ከዚያ አንድ ቀን እያለቀሰች ደወለች። ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድሮ ሩዝ በዶሮ የሚሸጥ ሰው አለ። ስታልፍ ስታገድም አይታዋለች፤ ልብ ብላ ግን አላየችውም። እሱ ነው ያወቃት። ወንድሟ ታም ነው! ጠረጴዛ የሚወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘ መጥቶ፣ "ሠላሳ ዓመት ጠፍተሽ ስትመለሺ፣ ጉሮሮዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?" አላት።

"ሁሉን ትቼ ልመለስ?" አለችኝ።

አንተ ብትሆን ምን ትላት እንደነበር አሰብኩ፤ አልመጣልኝም። የገዛ አፌ ያመጣልኝን ነገርኳት። "ለልጆቹ የጀመርሽውን ጨርሺ። ስትወጪ ግን ተሻግረሽ ወንድምሽ ጋ ሂጂ። ባያናግርሽም ሂጂ።"

ሄደች። ሥራዋን ስትጨርስ ዩኒፎርሟን እየቀየረች መንገዱን ትሻገርና የታምን ሳህኖች ታጥባለች። ሦስት ሳምንት አላናገራትም፤ አላባረራትምም። በአራተኛው ሳምንት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ሳህን እያደረቀ፣ "እማዬ ገበያ ሄደሽ እንዳልመጣሽ እንጂ እንደጠፋሽ አልተቀበለችም። እስክትሞት እራት ላይ ድርሻሽን ታስቀር ነበር" አላት። እዚያው ሳህን ማጠቢያው ዳር ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ቅርንጫፉ በተከፈተ ቀን ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ነበር አለች። አንድ ሞተር ላይ አራት ሆነው የመጡ ቤተሰቦች፣ ፎቶ የሚነሱ ተማሪዎች። የታም ወንበሮች ሁለት ሳምንት ባዶ ዋሉ። ላን ማዶ ሆና በመስታወቱ ውስጥ ታየው ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰ። አሮጊቶቹ አንዴ ቀምሰው "ሩዙስ የታል?" ብለው ወደ ታም ተሻገሩ። እሱም ጠዋት ማለዳ መክፈት ጀመረ፤ ትልቁ ቤት በሩን እስኪከፍት ድረስ ሠራተኛውና ተማሪው የሱ ነው። እንደ ድሮው ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ሁለት ጠረጴዛ አንስቷል፣ ወጣቶቹም አብዛኞቹ አልተመለሱም። ግን አልተዘጋም።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ላን አልተመለሰችም። "እዚሁ ቀርቻለሁ" አለችኝ፤ ጠዋት ከወንድሟ ጋር ትሠራለች፣ የኩባንያውን ሥራ በቃኝ ብላለች። የአሌክሳንድሪያ ቤቷን ዕቃ ያወጣነው እኔና ህሊና ነን። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለራሴ አለቀስኩ። ካንተ ጋር ቀኑን ሙሉ የቆመች፣ ሥራ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ የምትነግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ ኑ ብላናለች። በዚህ ክረምት እኔና ህሊና ካን ቶ እንሄዳለን፤ ትኬቱ ተቆርጧል። ህሊና ከአሁኑ ካርታ አውጥታ ወንዙን በጣቷ እየተከተለች ነው። አንተ ልትሄድበት የነበረው አገር ይህ ይሁን ሌላ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ያኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩህም።

ይቅር በለኝ፣ መስፌ። ፈርቼ ነው። አዲስ አገር ነበርን፣ ካንተ በቀር ሰው አልነበረኝም፤ ከሄድክ የምትቀርብኝ መሰለኝ።

ካን ቶ ስደርስ፣ አንተ ለላን ያስተማርካትን ሙያ የተማሩትን ልጆች አንድ በአንድ እጃቸውን እጨብጣለሁ፤ የመስፍን ሚስት ነኝ እላቸዋለሁ። ነገ ህሊና ወልዳ ልጆቿ ስላንተ ሲጠይቁኝ ደግሞ፣ ጂኦግራፊ መምህር እንደነበርክ፣ ዶሮ ስትጠብስም መምህር እንደነበርክ እነግራቸዋለሁ። መሄድ እንደምትፈልግና እኔ እንዳስቀረሁህም እነግራቸዋለሁ። ያንን አልደብቅም። ሙሉውን አንተን ነው የማስታውሰው።

ያንተዋ ሰብለ
ሲልቨር ስፕሪንግ