እማ አሚን ያለችለት ጣሳ

ውድ እህቴ ኢቲሳም፣

አሰላሙ አለይኩም። በስልክ ያላልኩሽን ልጽፍልሽ ነው። ስትደውዪ እማ አጠገቤ አትጠፋም፤ እኔም ድምፅሽን ስሰማ "ደህና ነን" ብዬ ስልኩን እመልስላታለሁ።

የላክሽው፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጉልበት ዱቄት የደረሰ ቀን እማ እርግዝናው አድክሟት ተኝታ ነበር። "ልጄ ዓረብ አገር ሆና ድካሜን አየችልኝ" ብላ ተነሳች። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛ ስለሆነ ሳመችው፤ ቁርኣኑ ካለበት መደርደሪያም አስቀመጠችው። "አንቺ ቁርኣን ቀርተሻል፣ አንብቢልኝ" አለችኝ። መድረሳ የተማርኩት ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አይደለም፤ ግን አነበብኩላት። "አሚን" አለች። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳላነብላት፣ እሷም አሚን ሳትል አትጠጣም ነበር።

አንድ ጠዋት ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤታችን ሀጀራ ሳነብ ደረሰች። መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ግን ብርጭቆውን ከእማ እጅ ቀማቻት።

"እትዬ አሲያ፣ ይሄ ዱዓ አይደለም! 'ጥቂት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው' ነው የሚለው።"

"የምን እርሳስ?"

"መርዝነት ያለው ብረት ነው። ሻጮቹ ሕግ ስላለባቸው ይጽፉታል፤ ማንበቡ የኛ ነው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ አሚን ያልኩትስ?"

"እሱን እንግዲህ አላህ ይወቀው!"

"ተጠንቀቁ ለሚል ቃል አሚን ማለት ያስነውራል እንዴ?" አለች እማ። ሳቅን። ጣሳውን ግን ያኔውኑ ከቁርኣኑ አጠገብ አነሳችው።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ "ትንሽም ቢሆን ለፅንስ አይበጅም፣ እንኳን ተውሽው፤ ክትትልሽን እንዳታቋርጪ" አለቻት። የልጁን የልብ ምት ስታሰማን እማ አለቀሰች።

ኢቲሳምዬ፣ ይህን እንዳልነግርሽ ከልክላኛለች። "በፍቅር የላከችው ነው፣ ሆዷ ይባባል" ትላለች። ለዚህ ነው በስልክ "እየጠጣሁት ነው፣ በርትቻለሁ" የምትልሽ። አንቺም አምነሻት ሌላ ጣሳ ወደ አገር በሚመጣው በሙንተሲር እጅ ልትልኪ ነው። እባክሽ አትላኪ። "እኔም ከሥራ ስመለስ እጠጣዋለሁ" ብለሽ ነበር፤ አንቺም ተይው። ለእማ የፈራሁትን ያህል ላንቺም ፈርቻለሁ።

አብሽሪ፣ አባ ከሐይቁ ዓሣ እያመጣላት ደህና ትበላለች። እሾሁን የምለቅምላት እኔ ነኝ፣ ድሮ አንቺ ለኔ እንደምትለቅሚልኝ።

ሀጀራ ይህን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ስትደውዪ ስለ ዱቄቱ አትጠይቂያት። "ልጁ ይራገጣል ወይ?" በያት። እሱን ስትጠየቅ አትዋሽም።

የምትናፍቅሽ እህትሽ
ሳጂዳ፣ ከሐይቅ