ስላልተመረቀው የጉኑኖ መርፌ ቤት

ለክቡር ቀኛዝማች ቦጋለ፣
የልብ ጤና መዋጮ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሶዶ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከነቤተሰብዎ፣ ከነበቅሎዎ፣ ከነፎቶ አንሺዎ ደህና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ። እኔ የጉኑኖው ገበሬ ኤርካሎ ሻንቆ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እየተናገርሁ የሚጽፈው በገበያችን የሰው ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ ጉልላት ነው። ትሕትናው የእሱ ነው፤ ነገሩ የእኔ ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለእርስዎ ሳይደርስ ገበያተኛው ሰምቶታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለብቻዎ ያስጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ምናልባት ጠፍተውብዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ሥራ ይበዛብዎታልና ነገሩን ላስታውስዎ። የልጅ ልጄን ቦሼን ጉሮሮዋን አሟት፣ ጉንፋን ነው ብለን ዝም አልን፤ ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ልቧ ከልብሷ ሥር ሲዘል በዓይን ይታይ ጀመር። ሶዶ ያለው ሐኪም አዳምጦ፣ የልቧ በር ተጎድቷል፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ካላገኘች ይብስባታል፣ ረጅም መንገድም አትሂድ አለን። በቃሬዛ ተሸክመን ስንመላለስ ከረምን። ባለፈው ግን መንገድ ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቆሙ፤ እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ ጮኽሁ። ስለዚህ መርፌው ወደ ጉኑኖ ይምጣልን ብለን ለመንን። እርስዎም መዋጮ አምጡ አሉን፤ አመጣን።

ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እነሆ።

፩ኛ፤ በመዋጮው ስፖርት ስላስተማሩን እጅ እንነሣለን። ከጎህ ጀምሮ መሬት ሲቆፍር የሚውል ሰው ልቡ ሥራ ፈት መሆኗን አናውቅም ነበር። የላኩልን አስተማሪ አዲስ ቱታ ለብሶ፣ ፊሽካ እየነፋ፣ ተከተሉኝ እያለ በገበያው መሃል ሲሮጥ፣ ገበያተኛው ሌባ መስሎት ተከትሎ ያዘው። መከተሉንስ ተከትለናል። ዶሮዋ የጠፋባት ወይዘሮ ፈጠነች ግን እስከ ዛሬ እሱ ነው እንዳለች ናት።

፪ኛ፤ መዋጮው በፊሽካና በቱታ ስላለቀ፣ መርፌ ቤቱን እኛው በደቦ ሠራነው። እንጨቱን ከየጓሯችን ቆረጥን፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ለቀለቁ፣ ሣሩን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከደንሁ፤ ሣር ቤት መሥራት የወላይታን ሰው ማንም አያስተምረውም። የኮሚቴው ሰው መጥቶ መድኃኒቱን ከውስጥ ደረደረና በትልቅ ቁልፍ ቆልፎበት መክፈቻውን ይዞ ሄደ፤ ቤቱ አልተመረቀም ተባለ። ይመረቅ ስንል ደግሞ፣ በሣር ቤት ፊት ፎቶ መነሣት ለክብርዎ አይመጥንምና ቆርቆሮ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። አመሰግናለሁ፤ ልብ በሣር ክዳን ሥር እንደማትድን ሐኪሙ ሳይነግረን ቀርቶ ኖሯል።

፫ኛ፤ መርፌ የሚወጋልን ድሬሰሩ ዱባለ በገበያ ቀን ጭቃውን ረግጦ መጣ፤ በሩ ላይ ባለው ስንጥቅ መድኃኒቱን አየ፤ ተመለሰ። ቤቱ ሳይመረቅ አንድም ሰው እንዳይወጋ አዝዘውታልና፣ እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ቦሼ ታጥባ፣ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲመለስ አየችና፣ አያቴ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይሆናል፣ አይዞህ አለችኝ። እሷ እኔን!

፬ኛ፤ ጉልላት ይህ በማመልከቻ አይጻፍም ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር፤ አንሣው አልሁት። ፈርቻለሁ። ስለ ኤርካሎ አገሩን ይጠይቁ፤ ጥጃ የነጠቀ ጅብ በዱላ አሳድጄ ያስጣልሁ፣ ለጭቃ ሹምም አንገቴን ያልደፋሁ ሰው ነኝ። አሁን ግን ማለዳ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ካልሰማሁ ወደ መኝታዋ መጠጋት ያቅተኛል፤ እንደ ልጅ ምሰሶ ይዤ እቆማለሁ። ኋላ ታስላለች፤ ያን ጊዜ ከብቶቹን ለማየት የተነሣሁ መስዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። የመርፌዋ ወር አልፏል። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ስለሞላ ቃሬዛ አያሻግርም። የቀረችን ያቺ በር ብቻ ናት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ ቆርቆሮውም ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ምርቃቱም በመስከረም ሰማዩ ሲጠራ ይሁን፣ እኛም በሬ አርደን፣ ዘፍነን፣ እልል ብለን እንቀበልዎታለን፤ ለዛሬ ግን ቁልፉንና ለድሬሰሩ ፈቃድዎን ብቻ በሰው እጅ ይላኩልን።

በገዛ እጁ በሠራው ቤት ደጃፍ ዝናብ እየመታው የክቡርነትዎን መምጣት በታላቅ አክብሮት የሚጠባበቅ፣ እስካሁን ታዛዥዎ የሆነ፣

ኤርካሎ ሻንቆ
(የአውራ ጣቱ አሻራ)
ጉኑኖ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የተረፈ ቃል፦ እስከሚቀጥለው ገበያ ቁልፉ ካልመጣ፣ በሩን የገጠምሁት እኔ ነኝና በየት በኩል እንደሚነቀል አውቃለሁ። የመንግሥት በር የሰበረ ይታሰራል ብሎ ጉልላት አስጠንቅቆኛል። ይሁን። ፖሊስ ሲልኩብኝ ግን ድሬሰሩን ከፊት ያስቀድሙልኝ፤ አልሸሽም፣ እዚያው በሩ አጠገብ ያገኙኛል። መጀመሪያ ቦሼ ትወጋ፣ ከዚያ እጄን እሰጣለሁ። ያን ዕለት ቤቱ ተመረቀ ማለት ነው።