የወይዘሮ ሚትሱኤ ኩሮባኔ ሕይወትና የምሽቱ ብርጭቆ

ወይዘሮ ሚትሱኤ ኩሮባኔ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ዩኪቺ ሴኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪኑዮ እ.ኤ.አ. በማርች 1951 በኦታሩ ወደብ ተወለዱ። ይህ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ለእሳቸው ይጻፋል ብሎ ከቤተሰቡ ያሰበ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ስንሰጋ የኖርነው ለባለቤታቸው ለአቶ ቴትሱሮ ነው። ሞት ግን የታመመውን ትቶ አስታማሚዋን ወሰደ። እስካሁንም ክው እንዳልን ነን።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ጥቂት ዓመታት በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠሩ። በ1970 ወደ ሳፖሮ ሄደው በአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ተቀጠሩ። ደንበኛው ሁሉ «እማማ» የሚላቸው የቤቱ ባለቤት ውስኪን በውሃ መበረዝ አስተማሯቸው፤ ረጅሙን ብርጭቆ በበረዶ ሞልቶ እያማሰሉ ማቀዝቀዝ፣ የቀለጠውን መድፋት፣ ውስኪውን ቀድቶ ደግሞ ማማሰል፣ ውሃውን በመጨረሻ በቀስታ ማውረድ። እማማ «ውሃ ካበዛሽ ደንበኛው ይሄዳል፤ ካሳነስሽ ደግሞ ይሞትብሻል» ይሏቸው ነበር።

አቶ ቴትሱሮ ያኔ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በዚያ ቤት እንደ ቋሚ ደንበኛ ሙሉውን የገዙት፣ ስማቸው የተንጠለጠለበት የውስኪ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥላቸው ነበር። ጠርሙሱ ሳያልቅ በ1975 ተጋቡ፤ ጠርሙሱም ከሙሽራዋ ጋር ኦታሩ ገባ። በ1978 አንድያ ልጃቸውን ናኦን ወለዱ። ወይዘሮ ሚትሱኤ ትዳራቸውን ሙሉ ለባለቤታቸው በየምሽቱ አንድ ብርጭቆ ሲያበጁ ኖሩ፤ በክረምት ለራሳቸውም በሙቅ ውሃ ጠብ ያደርጉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም የአቶ ቴትሱሮን ጉበት አይቶ «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ እንዳይቀምሱ» አለ። እሳቸው ደግሞ «የማታ ብርጭቆዬን ከምትነሱኝ አሁኑኑ ቅበሩኝ» አሉ። ወይዘሮ ሚትሱኤ ሐኪሙን «ለእኔ ይተዉት» ብለውት ተመለሱ። በዚያው ምሽት ጠርሙሱን አውርደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንደ ወትሮው በረዶ ሲያማስሉ ተሰሙ።

ናኦ ባየች ጊዜ ጮኸች። «እማዬ፣ አባዬን በገዛ እጅሽ እየገደልሽው ነው!»

«አይሞትም» አሉ እናትየው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ስልክ ስትደውልም የምታናግረው አባቷን ብቻ ነበር፤ ከአዲስ ዓመት ወዲህማ እዚያ ቤት አልደረሰችም።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019 ማለዳ ወይዘሮ ሚትሱኤ ከደጃፋቸው የወረደውን በረዶ በአካፋ ጠርገው ገቡ። ጫማቸውን ሊያወልቁ ቁጭ ባሉበት ልባቸው ቆመ። አንድም ቀን አልጋ ያልያዙ ሴት፣ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው!

የሚቀጥለው ዛሬ ጠዋት የተጨመረ ነው። ትናንት ማታ በቤታቸው፣ በአስከሬናቸው ፊት ከተደረገው የስንብት ጸሎት በኋላ ናኦ ጠርሙሱን አወረደች። «ለዛሬ ብቻ፣ እማዬ እንደምትሠራው» ብላ፣ በረዶውን አማስላ፣ የቀለጠውን ደፍታ፣ ሁሉን አሟልታ ለአባቷ ሰጠች። አቶ ቴትሱሮ አንዴ ፉት እንዳሉ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄ እኮ ውስኪ ነው!»

«ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል አባዬ?»

«እናትሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ውስኪ አልሰጠችኝም። የተቆላ ገብስ ሻይ ነበር። እንዲሸተኝ ብላ የብርጭቆውን አፍ ብቻ ውስኪ በነካ ጣቷ ታብሰዋለች።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ወደ ብርጭቆው ዞርን። ጸሎቱን ያደረሱት መነኩሴ እንኳ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ።

«ታውቅ ነበር?» አለች ናኦ።

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ስጠጣ የኖርኩ ሰውዬ! ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ነዋ። ‹ዛሬስ አጠንክረሽዋል› እላታለሁ፤ ‹ደክመህ ነው ሽማግሌው› ትለኛለች።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ያን ሁሉ ስትለፋ እያየሁ? በምን አፌ!»

«እሷስ? ማወቅህን ታውቅ ነበር?»

አቶ ቴትሱሮ ወደ ሣጥኑ ዞሩ። «እኔንጃ» አሉ። «ሳልጠይቃት።»

ናኦ «እንደዚያ ስናገራት ዝም አለችኝ፤ ዝም አለችኝ እኮ!» እያለች በሣጥኑ ላይ ተደፋች። ከዚያ ተነሥታ ውስኪውን በእናቷ ፎቶግራፍ ፊት አኖረችና ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት ቆይቶ የገብስ ሽታ መጣ።

ወይዘሮ ሚትሱኤ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ዮሺሂኮን ትተው ሄደዋል።

ከሥርዓቱ በኋላ በማዕዱ ላይ፣ እንደ ልማዳችን ሐዘንተኛውን ልታስተናግዱ ጠርሙስ ይዛችሁ የምትቀርቡ ሁሉ፣ አደራ! ለአቶ ቴትሱሮ የሚቀዳው ናኦ እጅ ካለው ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው። «አጠንክራችሁታል» ይሏችኋል። «ደክመው ነው» በሏቸው።

ወሰን የሌለው ብርሃን ነፍሳቸውን ይቀበልልን። ሲለፋ የኖረው እጃቸው ከሞት ወዲያ ባለው በንጹሑ ምድር ይረፍ።