እማማን የዘለላት ጽዋ

ግንቦት 20፣ ጠዋት

እማማ ከኪዳን ተመለሰች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ቁርሴን ከፊቴ አነሳችው። አልጨረስኩም አልኳት። ጨርሰሃል አለች። በቃ። ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቤት የኔ ነገር አልቋል።

አንቺ ደብተር፣ ላንቺ ነው የማወራው፤ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ትናንት ገ/ኤል ነበር። የእማማ ማኅበር። በየወሩ በ19 በአንዱ አባል ቤት ይዘከራል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛዋ እማማ ነበረች። ስንት ወር ስትጠብቅ! ጌሾው ተወቅጧል። ብቅሉ ተፈጭቷል። ግድግዳውን ኖራ የቀባሁት እኔ ነኝ (አንድ ጥግ ሆን ብዬ ትቻለሁ፣ ትጩህብኝ ብዬ)። ጽዋውን ተሸክሜ ላመጣ ንጹህ ሸሚዝ ሁሉ ለብሼ ሄድኩ። እኔ! ንጹህ ሸሚዝ!

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ ጋሽ ታደሰ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው፣ ፊሽካ የዋጠ የሚመስል። ጽዋውን አነሳ። ባረከ። እማማ እጇን ዘረጋች። አልፏት ለወ/ሮ ብዙነሽ ሰጠ።

እልልታው ግማሽ ላይ ቆመ። እማማ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አይቼዋለሁ። ቶሎ ብላ የነጠላዋን ጥለት ማስተካከል ጀመረች፣ ለዛ የዘረጋችው ይመስል።

ወደ ቤት ስንመለስ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ሴቶቹ ከበቧት። ምን ሆኖ ነው? ምን አጥፍተሽ ነው? እማማ ዞር አለችና በጣቷ እኔን። «ይሄ ነው! በዚህ ጦስ ነው! በጠበል የቀለደ ልጅ ያለበት ቤት ጽዋ ይገባል?»

ሁሉም አዩኝ። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ እኔ በረድኩ።

የጠበሉ ነገር እውነት ነው፣ አልክድም። ጥር ላይ የእማማ ነፍስ አባት፣ አባ፣ ለማኅበሩ ያመጡትን የጠበል ጀሪካን ደፍቼ የሎሚ ለስላሳ ሞላሁበት። ወ/ሮ ብዙነሽ ጠጥታ ጉልበቴ ተፈታ ብላ ተነሳች። ሌላዋ የዛሬው ጠበል ማር ማር ይላል አለች። ተአምር ሊታወጅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ጋሽ ታደሰ በጋዙ አገሳ። ያኔ ተገረፍኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አለቀ። አባ ራሳቸው ሳቃቸውን በመስቀሉ ሸፍነው ነበር። ታዲያ አሁን ከየት መጣ?

ግንቦት 24፣ ከሰዓት

ስግደት። እማማ የነፍስ አባቷ ጋ ጎትታ ወሰደችኝ። አባ ግራ ገባቸው፤ ይቅር ብዬው የለም ወይ አሉ። እማማ ይስገድ አለች። ሰገድኩ። የቤ/ክ ምንጣፍ ጉልበቴን ልጦታል። እሷ አምዱን ተደግፋ ቆማ ታየኛለች። ልታለቅስ የደረሰች መሰለኝና የባሰ ዝቅ ብዬ ሰገድኩ። ጽዋዋን ነጠቅኳት ብዬ አመንኩ እኮ! ገ/ኤልን ለመንኩት። ለሷ መልስላት አልኩት፣ እኔን እንደፈለግክ።

እናቴ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ እናቴም አያቴም እሷው ናት። ስለዚህ ሰገድኩ።

ግንቦት 28

ሱቅ። ስልክ የምጠግንበት ታይዋን ገበያ ሙቀቱ የስልክ ሽፋን ያቀልጣል። በስድስት ሰዓት ድሬ በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፣ እኔ ብቻ ቤት መሄድ ስለጠላሁ እዛው በር ላይ ተጎለትኩ። የሰፈር ልጆች ስም አውጥተውልኛል፦ «ሚኪ ስፕራይቱ»። ሌላ ጊዜ ብሆን ራሴ ነበርኩ የማወጣው። ዛሬ አላሳቀኝም።

ዩሱፍ ባጃጁን አቁሞ መጣ። ጓደኛዬ ነው፣ ከሕፃንነት። እናቱና እማማ በአንድ አጥር የተወለዱ ያህል ናቸው፤ ረመዳን ሲሆን እማማ ቴምር ትልካለች፣ ፋሲካ ሲሆን ከነሱ ሳምቡሳ ይመጣል። ሲሰማ ሳቀብኝ። «ወሪያ፣ አራት ወር ቆይቶ የሚቀጣ ሙሴ የት አለ? የታክሲ ትራፊክ እንኳ እዛው ነው የሚቀጣህ አቦ!» አለኝ።

ሄደ። ነገሩ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ሰኔ 2፣ መሸት ሲል

የሐዋርያት ጾም ከገባ ወዲህ ሽሮ ነው። አክስቴ ሮማን ከአ.አ. ደወለች፣ ሰሞኑን በየቀኑ ነው። የእናቴ ታናሽ፣ የእማማ የመጨረሻ ልጅ። እማማ ስልኩን ስታነሳ ድምጿ ሌላ ነው፣ ሮምዬ፣ ሆዴ፣ ዓለሜ። እኔን ስትጠራኝ አንተ ነው።

ሮማን በሰኔ መጀመሪያ ልትመጣ ነበር፣ ፈቃድ አጥታ ወደ ሰኔ 21 ገፋችው። እማማን ልትወስዳት። የወለደችው ልጅ የሚይዘው የለም፣ ሠራተኛ አይበረክትላትም። ለትንሽ ጊዜ ነው አለች እማማ። ለትንሽ ጊዜ የክረምት ልብስ ይታሸጋል እንዴ? ሥዕለ አድኅኖዋን ከግድግዳ ታወርዳለች እንዴ? የተሰደብኩ ልጅ መጠየቅ አልችልም።

ከዛ ማንጎ ሰጠችኝ። የበሰለችዋን፣ ከጓዳ ደብቃ ያቆየቻትን። በቀሚሷ ጠረገችና እጄ ላይ አኖረች፣ ሳታየኝ። ይቅር አለችኝ ብዬ ተደሰትኩ። በአንድ ማንጎ!

ሰኔ 8፣ ከሰዓት

አንቺ ደብተር፣ ተቀመጪ።

ጋሽ ታደሰ ሱቅ መጣ፣ የስልኩን መስታወት ሊያስቀይር። እየሠራሁለት ነገር ፈለግኩት። ጋሼ፣ በጋዝ ስላገሱ ነው እማማን የዘለሏት? አልኩት። ቀላ። እየደጋገምኩ ወጋሁት፣ ፊሽካው እስኪጮህ። ጮኸ።

«አንተ ጅል! አንተን ማን ቆጠረህ? የገዛ ልጇ ደውላ ለምናኝ ነው! እናቴን ሐኪም ጭስ ከልክሏታል፣ ጠላ መጥመቅ አትችልም፣ እንዳይሰማት አድርገው ይለፏት ብላ!»

የትኛዋ ልጅ?

«ሮማን ነቻ!»

የምን ሐኪም! እማማ ሐኪም ቤት የገባችው እኔ ስወለድ ነው። ጽዋ የተቀበለ ሰው እስኪዘክር አገር አይለቅም፤ እማማ ደግሞ ሞታም ቢሆን አትለቅም። ሮማን ይሄን ታውቃለች፣ እዚሁ ጽዋ ስር ነው ያደገችው። እናቷን እንድታገኝ እናቷን ከገ/ኤል ነጠለች።

መስታወቱን አጣምሜ ለጠፍኩት። አላየውም።

ሮጥኩ። በዛ ፀሐይ! ነጻ ወጥቻለሁ። እነግራታለሁ፣ ታቅፈኛለች፣ በሮማን ላይ አብረን እንበግናለን።

ያው ቀን፣ አመሻሽ

ታውቃለች።

አስቀድማ ታውቃለች። ጓዳ በር ላይ ምስር እየለቀመች ነበር፣ እኔ እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኳት። ቀና አላለችም። «ነግራኛለች» አለች። ከማኅበሩ በፊት ሮማን እያለቀሰች ደውላ ለሙሴው ያለችውን ሁሉ ነግራታለች። እማማም እሺ ብላታለች።

ታዲያ ለምን እጅሽን ዘረጋሽ? አልኳት።

«እጄ አላወቀማ።»

ታዲያ ለምን በኔ?

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅማ ወረወረች። ከዛ፦ «ሮማን እናቷን ከጽዋ ያስነጠቀች ከተባለች እዚህ ሰፈር በምን ዓይኗ ትገባለች? አማቾቿ ቢሰሙስ? አንተማ ለምደኸዋል። ዛሬ ይሰድቡሃል፣ ነገ ይስቁብሃል፣ ከነገ ወዲያ ይረሱታል።»

ለምደኸዋል!

ስሰግድ እያየችኝ ነበር እኮ። አምዱን ተደግፋ። እያወቀች።

ሰኔ 12

ዩሱፍ ቤት ነው የማድረው። እናቱ አልጠየቀችኝም፣ ፍራሽ ብቻ ግቢው ላይ ዘረጋችልኝ። ዛሬ ዩሱፍ ሰው ጭኖ ወደ መልካ ጀብዱ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ላይ ሙሉውን ነገርኩት። ተሳፋሪዋም ሰማች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሒሳብ ሳትከፍል ልትወርድ ነበር።

ሁለት ነገር አስቤ ነበር። አንደኛ፦ በ19 ማኅበሩ ፊት ቆሜ ሁሉንም ማውጣት። የሮማንን ጉድ፣ የእማማን ጉድ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ ታየኝ፣ ጣፈጠኝ። ሁለተኛ፦ ትሂድ። የሮማንን ልጅ ታዝል። እኔ እችላለሁ። ለምጃለሁ።

ዩሱፍ ግን ሌላ ጠየቀኝ። «እሷ መሄድ ትፈልጋለች?»

አትፈልግም። ማንም ያውቃል። ብቅሉን አልደፋችውም፣ አልሸጠችውም፤ ትናንት ልብሴን ልወስድ ስገባ ጆንያውን ከፍታ በእጇ ስታገላብጥ አየኋት። ነቀዝ እንዳይገባው ነው አለችኝ። ማን ጠየቃት?

ግን ለልጇ እምቢ ማለት አትችልም። ለእናቴም አልቻለችም፣ ለሮማንም አልቻለችም። እምቢ የምትለው ለኔ ብቻ ነው።

ሰኔ 19፣ ጠዋት

ወስኛለሁ። ሸሚዙን ለበስኩት። እንዳትስቂ።

ሰኔ 20፣ ጠዋት

ትናንት በወ/ሮ ብዙነሽ ቤት። እማማ ጥግ ላይ፣ የሐምሌ ጽዋ እንደማይሰጣት ስለምታውቅ እጆቿን ከነጠላው ስር ደብቃለች። እኔ በር ላይ፣ ከጫማው ጋር። ጸሎት። ዳቦ። ጋሽ ታደሰ ጽዋውን አነሳ።

ዘልዬ ገባሁ። ቆሞ የለመነ አይከለከልም፣ ይሄ የማኅበሩ ደንብ ነው፤ እማማ ራሷ ነች ያስተማረችኝ። በእማማ ቤት ስም ለኔ ስጡኝ፣ በገ/ኤል አልኳቸው።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ጠላውን በምን ልትጠምቀው ነው፣ በኮካ?» አለች ወ/ሮ ብዙነሽ። አባም ሳቁ። ሌላ ቀን ብሆን በራሴ ላይ አብሬ እስቅ ነበር። ትናንት ተንበረከክሁ፣ በተላጠው ጉልበቴ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ጋሽ ታደሰ እማማን አያት። እኔም አየኋት። ሮማን አልኩ? አላልኩም። ስሟ ከአፌ አልወጣም። አፌ ውስጥ ግን ነበረች፣ እማማም ታውቃለች፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችው።

ጋሽ ታደሰ ጽዋውን እጄ ላይ አኖረው። ይከብዳል እኮ። እልልታው መጀመሪያ ከወ/ሮ ብዙነሽ መጣ። ከእማማ አልመጣም።

ቤት ድረስ ተሸክሜ፣ ሳልቀልድ፣ ሳልደናቀፍ። እሷ ከኋላ። 

አሁን ጓዳ ናት። በሌሊቱ ተነስታ ጋን አጥናለች፣ ወይራው እዚህ ድረስ ይሸታል። የሐምሌ ገብርኤል ገና ነው፣ ግን እጇ አላስቻለውም። አልታረቅኳትም። ልታረቃትም አልፈልግም ገና። ውኃ አምጣ ስትለኝ አመጣለሁ፣ ያ ብቻ።

ስልኳ ይጮኻል። ሮማን ናት፣ ነገ ልትመጣ። እማማ እጄ ጌሾ ነው አንተ አንሳው አለችኝ። አላነሳም አልኳት። ልጅሽ ናት፣ አንቺ ንገሪያት። ይሄን አልሸከምልሽም።

ትኩር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት፣ ዓይኔን አልሰበርኩም። ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ሮምዬ አለች። ሆዴ አላለችም። ጽዋ ወስጃለሁ አለች። ሮማን እንዴት፣ ማን ሰጠሽ፣ ያ ሚኪ ነው አይደል እያለች ስትጮህ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

እማማ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው። አየችኝ። መልሳ ወደ ጆሮዋ።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱን ተይው። እኔ ነኝ የፈለግኩት። ልጁን ይዘሽ አንቺው ነይ፣ እዚህ እይዝልሻለሁ፣» ብላ ሌላም ነገር ልትጨምር ስትል ተወችው፣ እና አሁን በእጇ ጠራችኝ፣ ቆይ