አባባ በባልዲ ውሃ የነከሩት ጆይስቲክ

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፣

ከቁጣዬ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን ለወግ ያህል ነው፤ እኔ በአንተ ምክንያት ከንፈሬን ነክሼ ሰንብቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ መጮኼ አይቀርም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በቪዲዮ ስትደውል አባባ ሶፋው ላይ ሆነው የመኪና እሽቅድድም ጌም ይጫወቱ ነበር። አይተህ ሳቅክ። "አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንደ ሕፃን መጫወቻ ታቅፈው ይውላሉ እንዴ?" አልክ። በዚያም አላበቃህም፤ ስልኩን ወደ ጓደኞችህ አዞርከውና እነሱም ሳቁ።

አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለህ ጠይቀሃል? ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አውራ ጣታቸውን የሚያሠራ ነገር ፈልጊ አለችኝ። የጎማ ኳስ ብሰጣቸው ወረወሩት። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸውና የጌሙን መኪና የሚነዱበትን ጆይስቲክ ስሰጣቸው ግን ፊታቸው በራ። በሦስት ወር ውስጥ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው መቆለፍ ጀመሩ። አንተ የሳቅክበት መጫወቻ ይህ ነው!

በማግስቱ ልብስ ላጥብ ስል፣ ባልዲው ውስጥ ከተዘፈዘፈው ሸሚዝ ሥር ጆይስቲኩን አገኘሁት። በሳሙና ውሃ ውስጥ አድሯል። ወድቆባቸው መስሎኝ ብጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "እኔ ነኝ የከተትኩት። ልጄን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም" አሉኝ። ማሙሽ፣ ደሜ ፈላ።

ወደምሠራበት የሞባይል ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። አለቃዬ አየት አድርጎ፣ የሳሙና ውሃ የጠጣ ነገር አይድንም፣ ጣይው አለኝ። እሱንም ተቆጣሁት። ፈትቼ ባትሪውን አወጣሁ። ቦርዱ ላይ ሳሙናው ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ በፈተግሁት ቁጥር አንተን እየሰደብኩ። ሁለት ቀን አድርቄ ስገጥመው በራ፤ ግን ጌሙ ውስጥ ያለችው መኪና ማንም ሳይነካት ወደ ግራ ትጎተታለች። ከተጣለ ጆይስቲክ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋውን መንጃ ዘንግ ነቅዬ የሽቦ እግሮቹን ቦርዱ ላይ አንድ በአንድ በየድኩ። መበየጃው ጣቴን አቃጠለኝ፣ ግን ተስተካከለ።

አባባ ግን አልነካም አሉ። "ለልጅ ስጪው" አሉኝ። እልህ ያዘኝና ፊታቸው ተቀምጬ እኔው መጫወት ጀመርኩ። መኪናዋን ሆን ብዬ ከግንብ ጋር አጋጨኋት። ደግሜ አጋጨኋት። በሦስተኛው፣ "ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ! ማነው መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ?" ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። ያውም በቀኝ እጃቸው! ሳቄን ዋጥኩት።

ሦስት ዙር እንደነዱ ስልኩ ጠራ፤ አንተ ነህ። አባባ ፎቶህን ሲያዩ ጆይስቲኩን ፈጥነው ብርድ ልብሱ ሥር ሸጎጡት። አባታችን ከገዛ ልጃቸው ተደበቁ። ስልኩን ያላነሳሁት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስማኝ፤ ታላቅህ ነኝ። እኔን ይቅርታ አትበለኝ፣ አልፈልገውም። ደብዳቤው እንደደረሰህ ብቻህን ሆነህ ደውል። ይቅርታ ጠይቃቸውና፣ እንዴት እንደሚነዳ አሳዩኝ በላቸው። ይህን ካላደረግክ ከእሳቸው ጋር አላገናኝህም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ያን ዕለት ከኋላህ "ተው" ስትልህ ሰምቻታለሁ፣ እግዜር ይስጣት። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን ጉልበታቸው እንዴት ሆነ በልልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል። ምን እንደጻፍኩልህ አያውቁም፤ ብቻ፣ ብርድ እንዳይመታው ደረብ አድርጎ ይልበስ በይው ብለውኛል።

እህትህ
ከጥገና ቤቱ፣ ከመበየጃው ጠረጴዛ
ኅዳር ፫ ቀን